ስለ ኳስ ወሬና ስለ ተወራራጅ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ነገን አስቀድሞ ለማወቅ ያለው ጉጉት ቀንሶ አያውቅም። አባቶቻችን ኮከብ የሚቆጥር ሰው ሲያገኙ ይጠይቁ ነበር፤ ከእናቶቻችንም አንዳንዶቹ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ሲኒ የምታነብ ሴት ስትገኝ ጆሮአቸውን ያቀኑ ነበር። የዛሬ ወጣት በዚህ ሁሉ ይስቃል። ነገር ግን ቅዳሜ ጧት ተነሥቶ፣ የእጅ ስልኩን ከፍቶ፣ የእገሌ ጉልበት አብጧል፣ እገሌ የሚባለው አሠልጣኝ ከተጫዋቾቹ ጋራ ተኳርፏል የሚለውን ወሬ አንብቦ፣ በዚያው ላይ ገንዘቡን ሲያስይዝ ባየሁ ጊዜ፣ ሲኒው ተለወጠ እንጂ አንባቢው አልተለወጠም እላለሁ።

እኔ የምኖረው በሻሸመኔ ነው። ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳና ወደ ሞያሌ፣ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ አርባ ምንጭ፣ እንደዚሁም ወደ ባሌ የሚወስደው መንገድ የሚገናኝባት ስለ ሆነች፣ ዕቃና መንገደኛ ብቻ ሳይሆን ወሬም ያድርባታል። በአራዳም ሆነ በአቦስቶ ወይም በአዋሾ ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል የተቀመጠ ሰው፣ ለንደንና ማንቸስተር ያደረውን ነገር ሁሉ ሰምቶ ይነሣል። ይህም የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ኳስን መውደድ ደስታ ነው፣ ስለ ኳስ መጫወትም ሰውን ከሰው ያቀራርባል። የስፖርት ውርርድ ቤቶች ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ እየያዙ በየከተማው ከተከፈቱ ወዲህ ግን የኳስ ወሬ ጠባዩ ተለወጠ። ቀድሞ ሰው ወሬውን የሚፈልገው ለጨዋታ ነበር፤ ኋላ ለገንዘብ ሆነ።

እኔም ብሆን የውርርድ ቤት ደጃፍ ያልረገጥሁ ሰው አይደለሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለት ሲኒ ቡና ዋጋ በማይበልጥ ገንዘብ አንድ ትኬት እቆርጣለሁ። የትኛውን ቡድን እንደ መረጥሁና የትኛውን ወሬ አምኜ እንደ መረጥሁት በደብተር እጽፋለሁ፤ እሑድ ማታም ከውጤቱ ጋራ አስተያያለሁ። እንግዲህ ከዚህ በታች የምናገረው እንደ ተወራራጅ ነውና፣ ወጣት አንባቢዬ ‹‹ነገሩን ሳያውቅ የሚገሥጽ ሽማግሌ መጣ›› ብሎ ገጹን እንዳይገለብጥብኝ እለምነዋለሁ።

ከደብተሬ የተማርሁት መጀመሪያ ነገር የኳስ ወሬ ሦስት ዓይነት መሆኑን ነው። አንደኛው የሆነውን የሚናገር ነው፤ ማን አገባ፣ ማን ተሸነፈ፣ ማን ቀይ ካርድ አየ ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያለፈ ነው። ሁለተኛው ይሆናል የሚባለውን የሚያወራ ነው፤ እገሌ ወደዚያ ክለብ ሊዛወር ነው፣ እገሌ አሠልጣኝ ሊሰናበት ነው ይላል። የዚህን ምንጭ ተከትሎ ወደ ላይ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው፣ አንዱ ጋዜጣ ሌላውን ሲጠቅስ፣ ያም ሌላውን ሲጠቅስ ነው። ሦስተኛው አስተያየት ነው፤ ይህ ቡድን ዛሬ አይሸነፍም፣ ያኛው አይነሣም የሚል። ሦስቱም በአንድ ድምፅና በአንድ ፍጥነት ስለሚነበቡ ሰሚው አይለያያቸውም፤ ያለፈውን እውነት፣ የሚጠረጠረውንና የሚመኙትን በአንድ ጆንያ ውስጥ ጨምሮ ወደ ውርርድ ቤት ይሄዳል። በራዲዮ ኳስን በዓይነ ኅሊና ያሳዩን የነበሩት እነ ሰሎሞን ተሰማና እነ ደምሴ ዳምጤ በሜዳው ላይ የሆነውን ይነግሩን ነበር እንጂ በማን ላይ ገንዘብ እንድናስይዝ አይነግሩንም ነበር። ‹‹ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር›› የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ተወራራጅ ወሬን የሚያነበው ለማወቅ ሳይሆን ለመጽናናት ነው። አስቀድሞ በልቡ አርሰናልን መርጦ ከሆነ፣ የአርሰናል አጥቂ ዳነ የሚለውን ወሬ በትልቁ ያነባል፤ ተከላካዩ ታመመ የሚለውን ግን እንዳላየ ያልፈዋል። ዐሥር ወሬ ቢቀርብለት፣ ዘጠኙ ቢቃወሙትና አንዱ ቢደግፈው፣ ያ አንዱ ‹‹አስተማማኝ ምንጭ›› ይሆንለታል። ዳኛ ምስክሩን እንዲህ ቢመርጥ ጉቦ በልቷል እንለው ነበር። ተወራራጅም ከገዛ ምኞቱ ጉቦ የተቀበለ ዳኛ ነው።

ምናልባት አንባቢዬ፣ ‹‹እኔ እንደዚያ አይደለሁም፤ ወሬውን በደንብ መርምሬና አመዛዝኜ ነው የማስይዘው›› ይል ይሆናል። ለዚህ ለብልኁ ተወራራጅ የምሰጠው መልስ ከገበያችን የተገኘ ነው። ሻሸመኔ የድንች ገበያ መሆኗ የታወቀ ነው። አንድ አዲስ ነጋዴ አዲስ አበባ ላይ ድንች ተወደደ የሚል ወሬ ይሰማና፣ እዚህ በርካሽ ገዝቼ እዚያ በውድ እሸጣለሁ ብሎ ወደ ገበያ ይሮጣል። ሲደርስ ግን የሻሸመኔም ድንች ተወዶ ይቆየዋል። ለምን ቢሉ፣ ወሬውን ከሱ በፊት ደላላው ሌሊት በስልክ ሰምቶታል፤ ገበሬውም ጧት በመንገድ ሰምቶታል። ወሬው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ነጋዴው ሳይደርስ ቀድሞ በዋጋው ውስጥ ገብቷል።

የውርርድ ቤትም እንዲሁ ነው። ኦድ የሚባለው ቁጥር፣ ማለት አንድ ብር ያስያዘ ሰው ቢያሸንፍ ስንት ብር እንደሚከፈለው የሚያመለክተው፣ የኳስ ዋጋ ነው። ይህን ዋጋ የሚቆርጡት ሰዎች ሥራቸው ይኸው ብቻ ነው፤ በሒሳብ መኪና የታገዙ ናቸው፤ የተጫዋች ሕመም፣ የአሰላለፍ ለውጥ፣ የዝናብና የጭቃ ነገር ሁሉ በደቂቃ ውስጥ ይደርሳቸዋል፤ ቁጥሩንም ወዲያው ይለውጡታል። የእንግሊዝ ክለብ አሰላለፉን ጨዋታው ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት ገደማ በፊት ሲያስታውቅ፣ ያ ዜና ወደ አማርኛ ተተርጕሞ በኤፍ ኤም ራዲዮ ተነግሮ ወደኛ ሻይ ቤት እስኪደርስ ድረስ ዋጋው ተለውጦ ያበቃል። እንግዲህ ‹‹ዋናው አጥቂ አይሰለፍም›› የሚለውን የሰማ ወጣት የያዘው ዕውቀት ሐሰት ባይሆንም፣ ሌላው ሰው ሁሉ አስቀድሞ የበላው እንጀራ ነው።

ሦስተኛው ነገር ሒሳብ ነው። ወጣቶች ሒሳብን በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ከውርርድ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ግን ከጫማ ጋራ አውልቀው የሚገቡ ይመስለኛል። እስቲ አንድ ጊዜ አብረን እናስላ።

አንድ ጠንካራ ቡድን ከደካማ ጋራ ይጫወታል እንበል። ጠንካራው ከ100 ጨዋታ 70ውን የሚያሸንፍ ነው፤ ቤቱ የሚሰጠውም ኦድ 1.35 ነው። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ላይ 100 ጊዜ አንድ አንድ ብር ብታስይዝ፣ 70 ጊዜ አሸንፈህ በያንዳንዱ 1 ብር ከ35 ሳንቲም ትቀበላለህ፤ ድምሩ 94 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ያወጣኸው ግን 100 ብር ነው። 5 ብር ከ50 ሳንቲም ለቤቱ ቀርቷል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ለቤቱ ኪራይና ለሠራተኛው ደመወዝ ነው ብሎ መተው ይቻላል።

ነገር ግን ወጣቱ አንድ ጨዋታ አይዝም፤ ዐሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት ላይ ይደረድራል። ለምን ቢሉ፣ ዐሥሩ ኦድ እርስ በርሱ ሲባዛ 20 ያህል ይሆናል፤ በ100 ብር ሁለት ሺሕ ብር ማለት ነው። ይህ ዓይን ይስባል። አሁን ደግሞ ያሸናፊነቱን ዕድል እናባዛው። ዐሥሩም ቡድኖች ለየብቻቸው ከ100 ጨዋታ 70 የሚያሸንፉ ቢሆኑ፣ ዐሥሩም በአንድ ቀን አንድ ላይ የሚያሸንፉት ከ100 ጊዜ ሦስት ጊዜ እንኳን አይሞላም፤ ከ35 ትኬት አንዱ ብቻ ነው። 35 ትኬት በ100 ብር ሒሳብ 3,500 ብር ይወጣበታል፤ የሚገባው ሁለት ሺሕ ነው። ቀድሞ ከመቶው አምስት ብር ተኩል ብቻ ይወስድ የነበረው ቤት አሁን ከመቶው 43 ብር ያህል ወሰደ። ጨዋታ በደረደርህ ቁጥር የቤቱ ድርሻ አብሮ ይደራረባል። ‹‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ›› ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ሒሳብ ውስጥ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ከተወራራጆች ዘንድ በየሳምንቱ የምሰማው ኀዘን፣ ‹‹ዘጠኙ ገብቶልኝ አንዱ በላኝ፤ ለጥቂት ቀረብኝ›› የሚል ነው። በዚህም ምክንያት ወደ ዕድል የተጠጋ ይመስለውና በሚመጣው ሳምንት አብልጦ ያስይዛል። እውነቱ ግን፣ ከላይ ባሰላነው ትኬት ልክ ዘጠኙ ትክክል ሆኖ አንዱ ብቻ የሚሳሳትበት ዕድል ከ100 ጊዜ 12 ነው፤ ይህም ዐሥሩ ሁሉ ትክክል ከሚሆንበት ከአራት ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ ጨዋታ መቅረት የመጠጋት ምልክት አይደለም፤ የነገሩ ተፈጥሮ ነው። ከሩቅ ውኃ የሚመስል የበረሓ ነጸብራቅ መንገደኛው በቀረበ ቍጥር እንደሚሸሽ፣ ይህም እንዲሁ ነው።

አሁን ከሒሳቡ ወደ ሜዳው እንመለስ። ወሬ ከቶ የማያውቃቸው ነገሮች በሜዳ ላይ እንዳሉ የገዛ አገራችን ታሪክ ይመሰክራል። በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ የገጠመችው ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች ተከታትላ የወሰደችውን ግብፅን ነበር። ያን ቀን የወሬ ሚዛን ወዴት ያጋደለ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ሁለት ጊዜ ተደረሰባት፤ ሉቻኖ ቫሳሎ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አስተካከለ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ደግሞም 2005 ዓ.ም. ሊገባ ሲል ቡድናችን በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፎ በተመለሰ ጊዜ ብዙ ሰው ተስፋ ቈርጦ ነበር። ነገር ግን በመልሱ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ፣ በባዕድ ሜዳ ባገባቸው ግቦች ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የሆነውም ሌላ ትምህርት ነው። ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፋ ነበር፤ ቀጥሎም አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ሕዝቡ በየጎዳናው ጨፈረ። የዚያኑ ዕለት ግን በቦትስዋናው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፏል ተብሎ በፊፋ ምርመራ መጀመሩ ተሰማ፤ በኋላም ሦስቱ ነጥብ ተወሰደ። ቡድኑ ምድቡን አሸንፎ እስከ ናይጄሪያው ግጥሚያ መድረሱ ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን የተጫዋቹን ጉልበት፣ የአሠልጣኙን ዘዴ፣ የሜዳውን ሁኔታ የመረመረ ማናቸውም ተወራራጅ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ የተረሳች አንዲት ቢጫ ካርድ ውጤቱን እንደምትገለብጥ እንዴት ሊያውቅ ይችል ነበር?

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ለኛ የሚቀርበው የገዛ ከተማችን ክለብ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ሦስት ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጡ፤ ሻሸመኔ ከተማ፣ ሐምበሪቾና ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነበሩ። ሦስቱም አንድ በር አንኳኩተው አንድ ላይ የገቡ እንግዶች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የውድድሩ ዘመን ሲፈጸም ግን አንዱ እንግዳ፣ ንግድ ባንክ፣ የቤቱ ጌታ ሆኖ ዋንጫውን ወሰደ፤ ሁለቱ፣ ሐምበሪቾና የኛው ሻሸመኔ፣ በመጡበት በር ወጡ። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ አዲስ መጪ ክለብ ሻምፒዮን ይሆናል ብሎ በሻይ ቤታችን የተናገረ ሰው ቢኖር ኖሮ እንስቅበት ነበር።

ደግሞ በዚያ ዓመት ውድድሩ የሚደረገው እንደ አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ባሉ በተመረጡ ከተሞች ክለቦቹን ሁሉ በመሰብሰብ ነበር። ስለዚህ በትኬቱ ላይ ‹‹ባለሜዳ›› ተብሎ የተጻፈው ቡድን ብዙ ጊዜ ባለሜዳ በስም ብቻ ነበር። እኛ የሻሸመኔ ሰዎች ቡድናችንን ለማየት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሐዋሳ መሄድ እንደ ትልቅ ዕድል ይቈጠርልን ነበር። የገዛ ሕዝቡ ጩኸት ያልደረሰው ቡድን ባለሜዳ ይባላልን? ይህን እንኳ ሳይመረምር የአውሮፓን ልማድ ወደኛ ሊግ አምጥቶ፣ ባለሜዳ ያሸንፋል ብሎ የሚያስይዝ ሰው ብዙ ነበር።

ይህን ስናገር አንዳንድ ወጣት፣ ‹‹እንግዲያስ ያልተጠበቀው የሚሆን ከሆነ፣ እኔም ባልተጠበቀው ላይ ባስይዝስ?›› ይለኝና የሌስተር ሲቲን ታሪክ ያነሣብኛል። እውነት ነው፤ ሌስተር በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ባሸነፈ ጊዜ፣ በውድድሩ መጀመሪያ ላይ የተሰጠው ዋጋ 5,000 ለ 1 ነበር። ነገር ግን ይህን ታሪክ ዓለም ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያወራው ለምንድን ነው? ደጋግሞ ስለማይሆን አይደለምን? ዕድለኛው ሰው ፎቶግራፉ በጋዜጣ ይወጣል፤ በየዓመቱ በደካማ ክለብ ላይ አስይዞ ገንዘቡ የቀረበት ሰው ግን ፎቶግራፉ የትም አይወጣም። የአንዱ ደስታ እንደ ነጋሪት ይጎሰማል፤ የብዙዎቹ ኪሳራ በየጓዳው ተደብቆ ይቀራል። ወሬ ብቻውን የሚሰማ ሰው፣ የሚሰማውን ብቻ ቈጥሮ የማይሰማውን ይረሳዋል።

ወሬውን የሚያመጣልን ማን እንደ ሆነ፣ ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ መጠየቅም ተገቢ ነው። የውርርድ ድርጅቶች ገንዘብ በኳሱ ዓለም ውስጥ እጅግ ዘልቆ ገብቷል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የውርርድ ድርጅቶችን ስም ከማሊያቸው ደረት ላይ ለማንሣት በ2015 ዓ.ም. ተስማሙ፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. የ2025–26 የውድድር ዘመን ሲያልቅ እንዲፈጸም ነበር፤ በእጅጌው ላይ መጻፉን ግን አልከለከሉም። ወሬ የሚነግርህ ሰው እንጀራ፣ አንተ ገንዘብህን ከምታስይዝበት ቤት የሚመጣ ከሆነ፣ ምክሩን በጥርጣሬ መስማት ሰውየውን መጥላት አይደለም። እኔ ከድንች ደላላ ጋራ ቡና እጠጣለሁ፤ ድንች ልግዛ አልግዛ ብዬ ግን እሱን አልጠይቅም።

ከውስጥ የሚያውቅ ሰውስ ይድናልን? እርሱም አይድንም። የብሬንትፎርድ አጥቂ የነበረው አይቫን ቶኒ የውርርድን ሕግ 232 ጊዜ በመተላለፉ በ2015 ዓ.ም. ለስምንት ወር ከጨዋታ ታግዶ ነበር፤ ቅጣቱም ከዚያ ያልበለጠው ስላመነና የቁማር ሱስ እንዳለበት ባለሙያ ስለመሰከረ ነው። አስቡት፤ ይህ ሰው የልብስ መቀየሪያውን ክፍል ወሬ ከምንጩ የሚቀዳ ነበር። ዕውቀት ካላዳነው፣ ዕውቀቱን በሦስተኛ እጅ የሚቀበለው የኛ ልጅ በምን ይድናል?

እስካሁን ስለ ገንዘብ ተናገርሁ። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ገንዘቡ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. ከክለባችን ጨዋታዎች አንዱን ከሰፈር ሰዎች ጋራ በአንድ የዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን እናይ ነበር። ሻሸመኔ ግብ ባገባ ጊዜ ቤቱ ተናጋ፤ ሽማግሌው ከልጁ ጋራ ተቃቀፈ፣ ሻይ የምታቀርበው ልጅ እንኳ ብርጭቆዋን አስቀምጣ አጨበጨበች። ከጐኔ የተቀመጠ አንድ ወጣት ግን አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይመለከት ነበር። ይህ ልጅ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ፣ በልጅነቱ ከጓደኞቹ ጋራ በጨርቅ ኳስ ሲጫወት የማውቀው ነው። ምን ሆንህ ብዬ ብጠይቀው፣ ማታ ለባጃጁ ባለቤት ከሚያስገባው ገቢ ላይ ወስዶ ሻሸመኔ እንዲሸነፍ ማስያዙን በጆሮዬ ነገረኝ።

‹‹ጋሼ፣ ቡድናችን እንደማይችል ወሬው ሁሉ ይናገራል። ታዲያ በእውነቱ ላይ ባስይዝ ምን አጠፋሁ?›› አለኝ።

ግምቱ መጥፎ እንዳልነበረ አልክድም፤ ክለባችን በዓመቱ መጨረሻ ወርዷልና። ስለዚህ ተሳስተሃል አላልሁትም። ‹‹ልጄ፣ ግምትህ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከተማህ ስትደሰት አንተ የምታዝንበትን ሰዓት በገንዘብህ ገዝተሃል። ይህን ዕቃ ስንት ገዛኸው?›› አልሁት። ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ ‹‹እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ኳስ ያውቃሉ፤ ለቅዳሜ ዐሥር ጨዋታ ይምረጡልኝ›› አለኝ።

ይህ ልመና ከባድ ነው። ኳስ ያውቃል ተብሎ የሚታማ ሰው ሁሉ ይህን ይጠየቃል፤ ብዙውም ሰው ስሙ ደስ ስለሚለው ይመርጥለታል። እኔ ግን የማላውቀውን ነገ እንደማውቀው አስመስዬ ለድኻ ልጅ መሸጥ እንደማይገባኝ ነገርሁት፤ ስለ ባለቤቱ ገቢም፣ ‹‹ያንተ ያልሆነውን ገንዘብ ስታስይዝ የምትወራረደው በሰው እምነት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ኦድ የሚሰጥ ቤት የለም›› አልሁት። ከዚያም ዐሥሩን ጨዋታ ራሱ መርጦ፣ ገንዘብ ሳያስይዝ በደብተር እንዲጽፍና ሰኞ እንዲያሳየኝ መከርሁት። ደብተሩን ገዛ፤ ጥቂት ሳምንት ጻፈበት፤ ከዚያ ወዲያ ተወው። አሁንም አንዳንድ ጊዜ ባጃጁን ከውርርድ ቤት ደጃፍ አቁሞ አየዋለሁ። ሰላምታ ይሰጠኛል፤ እኔም እሰጠዋለሁ። ሰው በአንድ ምክር አይለወጥም፤ ምክር ግን መንገድ ላይ እንደ ተተከለ ምልክት ነው፤ የሚያልፍ ያልፈዋል፣ የሚመለስም በሱ ይመለሳል።

ኳስ ደስታ የሚሆነው የማናዝበት ነገር ስለ ሆነ ነው። ነገ የማን እንደ ሆነ ሳናውቅ፣ ከጓደኛ ጋራ ተቀምጠን፣ ልባችን እየመታ የምናየው ጨዋታ ነው። ተወራራጁ ግን ይህን ሁሉ በትኬት ለወጠው። ውብ ግብ ሲገባ ውበቱን አያይም፤ ትኬቱን ያያል። የሚወደውን ቡድን ይጠላል፣ ስሙን የማያውቀውን ያንዲት ሩቅ አገር ክለብ ለአንድ ሌሊት ይወዳል፣ ሲነጋም ይረሳዋል። ወዳጁ ሲደሰት አብሮ አይደሰትም። ገንዘብ ቢጠፋ ይተካል፤ ከሰው ጋራ አብሮ መደሰትን ያጣ ልብ ግን በምን ይተካል?

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ኳስን ተዉ አልላችሁም፤ ወሬውንም አትስሙ አልላችሁም። ወሬ ስትሰሙ ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ይህ የሆነ ነው ወይስ የሚባል? ከኔ በፊት ማን ሰምቶታል? እኔ ባምነው የሚጠቀመው ማን ነው? ግምታችሁን ለመፈተን ብትወዱ በደብተር ጻፉ፤ ደብተር አይዋሽም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ከተወራረዳችሁም የራሳችሁ ባልሆነ ገንዘብ፣ በትምህርት ቤት ክፍያና በእናት የጓዳ ወጪ ከቶ አትወራረዱ፤ የጠፋውንም ለማስመለስ ብላችሁ አትጨምሩ። ከሁሉም በላይ በምትወዱት ነገር ላይ ዋጋ አትቍረጡ። ክለባችን ከወረደበት ሊግ አንድ ቀን ተመልሶ ይወጣ ይሆናል፤ ያን ቀን በአደባባይ ከሚጨፍሩት መካከል ኪሱን የሚዳብስ ሰው እንዳይኖር ምኞቴ ነው።